ሕፃን በራሱ እንዲያንቀላፋ ስለ ማስለመድ



በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ በየሳምንቱ እንነጋገራለን። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ብዙ ቤቶችን በሌሊት የሚያነቃ፥ ብዙ ሠራተኞችን ደግሞ በቀን በወንበራቸው ላይ የሚያስተኛ ነው፤ ይኸውም የሕፃን እንቅልፍ ነው። ነገሩ ለላጤ ሰው ቀላል ይመስለው ይሆናል። በሌሊት አምስት ጊዜ ተነሥቶ በማለዳ ከሥራው የተገኘ አባትና ልጇን ታቅፋ ያነጋች እናት ግን ቀላል አለመሆኑን ያውቃሉ።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን አስቀድሞ አማርኛን በመማር ላይ ለምትገኙ አንባቢዎቻችን ጥቂት ቃላት እናስታውሳችሁ፤ ቃላቱን በትክክል የለየ ሰው ጉዳዩን ግማሽ ያህል ተረድቶታልና። «ተኛ» የሚለው ቃል ጎኑን አሳረፈ ማለትም፥ እንቅልፍ ወሰደው ማለትም ይሆናል። ስለዚህ «ልጁ ተኝቷል» የተባለ እንደ ሆነ ዓይኑ ተከድኖ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል። «እንቅልፍ እንቅልፍ አለው» ማለት ገና አልተኛም፥ ዓይኑ ግን ከብዷል ማለት ነው። «ሸለብ አደረገው» ሲባል ቀላል እንቅልፍ ለጥቂት ጊዜ ያዘው ማለት ነው። «ባነነ» ማለት ከእንቅልፉ ድንገት ብንን አለ ማለት ሲሆን፥ የባነነ ሁሉ ነቅቶ አይቀርም፤ ተገላብጦ መልሶ ሊተኛ ይችላል። «ነቃ» ያልን እንደ ሆነ ግን እንቅልፉ ፈጽሞ ለቆታል። ከዚህም በቀር «ማባበል» ማለት የሚያለቅሰውን በለሰለሰ ቃልና በእጅ ማረጋጋት ነው፤ «ማስለመድ» ደግሞ አንድን ነገር ደጋግሞ በማድረግ ልማድ እንዲሆን ማብቃት ነው። የዛሬው ጽሑፋችን በማባበልና በማስለመድ መካከል ያለውን መንገድ የሚፈልግ ነው።

በአዲስ አበባ ከተማ የምናውቀው አንድ ቤት አለ። ባልየው በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ሚስትየው በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ያዥ ናት። የመጀመሪያ ልጃቸው ሴት ናት። ልጂቱ በተወለደች ጊዜ የሚስትየው እናት ልጃቸውን ሊያርሱ ከገጠር መጡ። «ማረስ» ገበሬው በበሬ የሚሠራው ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የወለደችን ሴት መመገብ፥ ማጠብና መንከባከብም «አራስ ማረስ» ይባላል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወላድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፥ ከወለደችም በኋላ 90 ቀን ደመወዟ ሳይቋረጥ ፈቃድ እንድታገኝ ይደነግጋል። ዘጠናው ቀን እንዳለፈ እናቲቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ልጂቱ ግን ዘጠናው ቀን ማለፉን አልሰማችም። ከተወለደች ጀምሮ እንቅልፍ የሚወስዳት ወይ ጡት ስትጠባ፥ ወይ በአያቷ ጀርባ ላይ በአንቀልባ ታዝላ፥ ወይ በአባቷ ክንድ ላይ ስትወዘወዝ ነበር። ነቅታ ሳለች በመኝታዋ ተጋድማ በራሷ ያንቀላፋችበት ቀን አንድም አልነበረም። አምስተኛው ወር ሲጋመስ በሌሊት በየሰዓቱ ትነቃ ጀመር፤ በነቃችም ቁጥር ወይ ጡት፥ ወይ ክንድ ካላገኘች ጸጥ አትልም።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ እናቲቱ ልጇን ለማጥባት በሶፋ ላይ እንደ ተቀመጠች ድካም አሸንፏት እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ባልየው ውኃ ሊጠጣ ተነሥቶ ወደ ሳሎን ሲወጣ ልጂቱን ከእናቷ ክንድ ተንሸራትታ፥ በሶፋው መደገፊያና በእናቷ ጎን መካከል ፊቷ ወደ ውስጥ ዞሮ አገኛት። ፈጥኖ አነሣት። ልጂቱም አለቀሰች፤ ከዚያ ቀን በፊት የሚያማርረው ለቅሶ በዚያች ሌሊት የምሥራች ሆነለት። እናቲቱም የሆነውን በተረዳች ጊዜ እስኪነጋ ድረስ ዓይኗን አልከደነችም።

በማግሥቱ በቤቱ ውስጥ ክርክር ተነሣ። ባልየው፣ «ከእንግዲህ ወዲህ ልጂቱ በራሷ መተኛት አለባት። ከአንድ መጽሐፍ እንዳነበብሁት በመኝታዋ አኑረናት በሩን ዘግተን እንውጣ፤ አልቅሳ አልቅሳ ስትደክም ትተኛለች» አለ።

አማቱ ግን ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ልጄ፥ እኔ ሰባት ልጆች አሳድጌአለሁ። አንዱንም ከበር ውጭ ቆሜ ለቅሶውን አልሰማሁም። ሕፃን የሚያለቅሰው ሌላ ቋንቋ ስለሌለው ነው። አቤት ሲል አለሁ የሚለው ሰው ካጣ ምን ይማራል?» አሉት።

«እማማ፥ እርስዎ የሚሉት ደግ ነው፤ ነገር ግን የትናንቱን ሌሊት አይተዋል። ልጅዎ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳትተኛ ሥራ ትገባለች። እንዲህ ሆነን ስንት ቀን እንቆያለን?» ሲል መለሰላቸው።

እናቲቱ ዝም አለች። የባሏም ንግግር፥ የእናቷም ንግግር እውነት ሆኖ ታያት። በመጨረሻ ሦስቱም ተስማምተው፥ ልጂቱ ስትከተብ ወደምታውቃት ነርስ ዘንድ ሄዱ። ነርሷም ሕፃኗን መዝና፥ ጤንነቷን መርምራ፥ ሁሉንም በየተራ ካዳመጠች በኋላ፣ «እማማ፥ እርስዎም ትክክል ነዎት፤ አንተም ትክክል ነህ፤ ነገር ግን ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል» አለቻቸው። ግማሹን ከግማሹ እንዴት እንዳገናኙት ከማውጋታችን በፊት፥ ሕፃን እንዴት እንደሚተኛ ማወቅ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፥ ከልደት እስከ 3 ወር ያለ ሕፃን ቀንና ሌሊቱ ተደምሮ ከ14 እስከ 17 ሰዓት፥ ከ4 እስከ 11 ወር ያለው ከ12 እስከ 16 ሰዓት፥ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለውም ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። እንግዲህ ሕፃን እንቅልፍ አያንሰውም፤ ችግሩ እንቅልፉ የተቆራረጠ መሆኑ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ቀንና ሌሊትን አይለይም። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ መጥባት ይፈልጋል። ብርሃንና ጨለማን እየለየ በሌሊት አብዝቶ መተኛት የሚጀምረው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ነው።

ከዚህም ሌላ ማንም ሰው ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ዓይነት እንቅልፍ አይተኛም። እንቅልፍ ከቀላል ወደ ከባድ፥ ከከባድ ወደ ቀላል እየተመላለሰ ይሄዳል። ይህ ዙር በአዋቂ ሰው ዘጠና ደቂቃ ገደማ ሲፈጅ፥ በሕፃን ግን ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። በየዙሩ መጨረሻ ሁላችንም ጥቂት እንባንናለን። ትራሳችን ከራሳችን በታች፥ ጋቢያችን በላያችን መሆኑን ሳናስበው እናውቅና መልሰን እንተኛለን፤ ሲነጋም መባነናችንን አናስታውስም። ነገር ግን በአልጋችሁ ላይ ተኝታችሁ ስትባንኑ ራሳችሁን በበረንዳ ላይ ብታገኙት መልሳችሁ ትተኛላችሁን? ትደነግጣላችሁ፥ ትጮኻላችሁም እንጂ። በአያቱ ጀርባ ያንቀላፋ ሕፃን በአልጋ ላይ ሲባንን የሚሆነውም ይኸው ነው። ያ ሞቅ ያለ ጀርባ፥ ያ የሚያውቀው ድምፅ የት ደረሰ? ስለዚህ ይነቃል፥ ያለቅሳልም። የሚያለቅሰው ቀብጦ አይደለም፤ ሲያንቀላፋ የነበረው ነገር ሲባንን ስላጣው ነው።

እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሕፃኑ ባነነ እንጂ እንዳይነቃ ከፈለግን፥ ሲያንቀላፋ በዙሪያው ያለው ሁኔታና በሌሊት ሲባንን የሚያገኘው ሁኔታ አንድ መሆን ይገባዋል። ይህም ማለት ሕፃኑ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው፥ ነገር ግን ገና ሳያንቀላፋ፥ በሚያድርበት መኝታ ላይ ማኖር ማለት ነው። «በራሱ መተኛት» የምንለውም ይህንን ነው። በሌላ ክፍል ብቻውን ማሳደር ማለት አይደለም። በአንድ ክፍል ቤት የሚኖር ቤተሰብም ይህን ሊያስለምድ ይችላል፤ እንዲያውም ሕፃን ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ድረስ ወላጆቹ ባሉበት ክፍል፥ ነገር ግን በራሱ መኝታ ላይ ቢተኛ የተሻለ መሆኑን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ይመክራል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ነርሷ አስቀድማ ልጂቱ ጤነኛ መሆኗን፥ ክብደቷም እንደሚገባ መጨመሩን አረጋገጠች። ይህ የመጀመሪያው ነገር ነው። ከአራት ወር በታች ያለ ሕፃን ሲያለቅስ ወዲያውኑ ሊነሣና ሊጠባ ይገባዋል፤ ለእርሱ ይህ ትምህርት ገና አልደረሰም። ትኩሳት ያለበት፥ የሚያስመልሰው፥ ለመተንፈስ የሚቸገር፥ ወይም ክብደቱ የማይጨምር ሕፃን የሚያስፈልገው ምርመራ ነው እንጂ የእንቅልፍ ልማድ አይደለም። የሌሊት ጡትም በአንድ ጊዜ አይቋረጥም። በስድስተኛው ወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለመጥባት መንቃት የተለመደ ነው። ነርሷም፣ «የምናስለምዳት በየሰዓቱ እንዳትነቃ ነው እንጂ እንዳትራብ አይደለም፤ ስትራብ ትጠባለች» ብላ አስረዳቻቸው።

ሁለተኛው ነገር ቀንን ከሌሊት መለየት ነው። አያቲቱ ልጂቱን በማለዳ ፀሐይ ያሞቋት ነበርና ነርሷ ይህን አመሰገነች፤ የጠዋት ብርሃን ለሕፃኑ ቀን መሆኑን ይነግረዋልና። ቀን ቀን ቤቱ ብርሃን ይሁን፥ ሰው ይነጋገር፥ ሕፃኑም ይጫወት። ሌሊት ግን መብራቱ ይደብዝዝ፥ ድምፅ ይቀነስ። በሌሊት ሲጠባም ጨዋታና ወሬ አያስፈልግም።

ሦስተኛው የምሽት ሥርዓት ነው። በዚህ ቤት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፤ ልጂቱ በለብ ያለ ውኃ ትታጠባለች፥ ልብሷ ይለወጣል፥ በደብዛዛ ብርሃን ትጠባለች፥ ከዚያም አያቷ ጥቂት እሹሩሩ ይሏታል። እሹሩሩ እናቶችና አያቶች ሕፃን ሲያባብሉ የሚያንጎራጉሩት ዜማ መሆኑን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ሥርዓቱ ከሠላሳ እስከ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ትልቁ ቁም ነገር በየምሽቱ በአንድ ሰዓት፥ በአንድ ቅደም ተከተል መደረጉ ነው። ሕፃን ሰዓት አያነብም፤ ነገር ግን ከመታጠቢያው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ፈጥኖ ያውቃል። ጡቱም ከመኝታው ጥቂት ቀደም ብሎ እንዲሆን ነርሷ መከረች፤ ይህም መጥባትና ማንቀላፋት እንዲለያዩ ነው።

አራተኛውና አስቸጋሪው ነገር፥ ልጂቱ ዓይኗ ከብዶ ሳለ ገና ሳታንቀላፋ በመኝታዋ ማኖር ነው። ነርሷ በዚህ ላይ ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረቻቸው። አንደኛው አሜሪካዊው ሐኪም ሪቻርድ ፈርበር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1985 ባወጣው መጽሐፍ ያስፋፋው ነው። በዚህ መንገድ ወላጅ ሕፃኑን በመኝታው ትቶ ይወጣል፤ ካለቀሰም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እየተመለሰ ያረጋጋዋል፥ የሚቆይበትንም ጊዜ ቀስ በቀስ ያረዝማል። ባልየው ያነበበው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን መጽሐፉ ሕፃኑን እየተመለሱ ማየትን የሚያዝዝ ሲሆን፥ እርሱ «በሩን ዘግተን እንውጣ» የሚለውን ብቻ ይዞ ቀርቷል። ሁለተኛው መንገድ አዋቂው በሕፃኑ መኝታ አጠገብ በወንበር ተቀምጦ፥ ሳያነሣው በእጁና በድምፁ እያረጋጋው፥ ወንበሩን በየጥቂት ቀኑ ራቅ እያደረገ የሚሄድበት ነው።

«በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማነው?» ብለው አያቲቱ ጠየቁ።

«እርስዎ ይሁኑ» አለች ነርሷ።

አያቲቱም ተቀበሉ። በመጀመሪያው ምሽት ልጂቱ በመኝታዋ እንደ ተጋደመች አለቀሰች። አያቲቱ በወንበሩ ላይ ተቀምጠው አንድ እጃቸውን በደረቷ ላይ አሳርፈው እሹሩሩ ይሏት ነበር። ለቅሶዋ ሲበረታ ሁለት ጊዜ አንሥተው አረጋግተዋት መልሰው አስተኝተዋታል። በዚያ ምሽት ለማንቀላፋት ሃምሳ ደቂቃ ያህል ፈጀባት። ባልየው በሰዓቱ ላይ አፍጦ፥ እናቲቱ በወጥ ቤት የታጠበውን ሰሃን ደግማ ስታጥብ አመሹ። በሁለተኛው ምሽት ለቅሶው አጠረ፤ በሦስተኛው ግን ተመልሶ በረታ፥ ባልየውም ተስፋ ሊቆርጥ ደርሶ ነበር። በአራተኛው ምሽት አያቲቱ እጃቸውን ከደረቷ አንሥተው በመኝታዋ ጠርዝ ላይ አደረጉት። በሰባተኛው ወንበሩ አንድ እርምጃ ራቀ። በአሥረኛው ልጂቱ ጥቂት ተነጫንጫ፥ ጣቷን ጠብታ፥ በራሷ አንቀላፋች። አያቲቱም ከተቀመጡበት ሳይነሡ ብዙ ቆዩ፤ በኋላ ቀስ ብለው ወጥተው፣ «ተኛች እኮ፥ እኔን ሳትይዝ ተኛች» አሉ። የደስታ ይሁን የቅሬታ ድምፃቸው ሊለይ አልቻለም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልጂቱን ጉንፋን ያዛትና ሁሉ ነገር ወደ ኋላ ተመለሰ። እስክትድን ድረስ ታቀፈች፥ ታዘለችም፤ ይህም ተገቢ ነው። ከዳነች በኋላ እንደገና ጀመሩ፤ ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለለ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአማርኛ ምሳሌ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም። ዛሬ ልጂቱ በሌሊት አንድ ጊዜ ለመጥባት ትነቃለች። እናቲቱም የምታጠባት በአልጋዋ ላይ ሆና፥ ባልየው አጠገቧ ነቅቶ ነው። ስትጨርስም እርሱ ልጂቱን ተቀብሎ ወደ መኝታዋ ይመልሳታል፤ ያች የሶፋ ሌሊት እንዳትደገም የተማማሉት በዚህ ነው።

«ለቅሶው ሕፃኑን አይጎዳውምን?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄውም የአያቲቱ ጥያቄ ነውና መልስ ይገባዋል። በአውስትራሊያ አገር በሰባት ወራቸው የእንቅልፍ ችግር የነበረባቸው 326 ሕፃናት የገቡበት ጥናት ተደርጎ ነበር። ከቤተሰቦቹ ከፊሎቹ ቀስ በቀስ የማስለመድን ዘዴ ተማሩ፥ ከፊሎቹ አልተማሩም። ልጆቹ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው እንደገና ተመረመሩ፤ ውጤቱም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2012 ታተመ። በጠባያቸው፥ በስሜታቸውና ከወላጆቻቸው ጋር ባላቸው ፍቅር በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። በዚያው አገር በ43 ሕፃናት ላይ የተደረገና በ2016 የታተመ ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ ውጤት አሳይቷል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። በትዕግሥት ያስለመደ ወላጅ ልጁን አልበደለም፤ ልጁን እያባበለ፥ እያዘለ ያሳደገም አልበደለም። ቤተሰቡ ደኅና እያደረ ከሆነ የሚለወጥ ነገር የለም። ለውጥ የሚያስፈልገው ድካሙ ከአቅም በላይ ሆኖ አደጋ ሲያስከትል ነው።

ስለ አደጋ ካነሣን ዘንድ፥ የሚከተሉትን ነገሮች አንባቢዎቻችን ሁሉ እንዲይዙልን አደራ እንላለን።

አንደኛ፤ ሕፃን ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ። በአሜሪካ አገር ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1994 ከተጀመረ በኋላ፥ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ድንገት የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀንሷል።

ሁለተኛ፤ መኝታው ጠንከር ያለና የተስተካከለ ይሁን። ትራስ፥ ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ በሕፃኑ ፊት አጠገብ አይኑር። ብርድ ካለ ብርድ ልብሱን ከማብዛት ይልቅ ልብሱን መደራረብ ይሻላል፤ ከልክ በላይ ማሞቅም ይጎዳል። የሕፃኑ መኝታ ውድ አልጋ መሆን የለበትም፤ በወላጆቹ አልጋ አጠገብ የተዘረጋ ንጹሕና ጠንካራ ፍራሽ ይበቃል።

ሦስተኛ፤ ከሕፃን ጋር በሶፋ ወይም በወንበር ላይ እንቅልፍ እንዳይወስዳችሁ ተጠንቀቁ፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። የጠጣ፥ የሚያጨስ፥ ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት የወሰደ ሰውም ከሕፃን ጋር በአንድ አልጋ አይተኛ።

አራተኛ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ገዳይ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ መልክም፥ ሽታም የለውም። በደጋ ለምትኖሩ ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

አምስተኛ፤ በጋምቤላ፥ በአሶሳ፥ በሰመራና ወባ ባለባቸው ሌሎች ስፍራዎች የምትሠሩ ሹማምንትና ሠራተኞች፥ ሕፃኑ የራሱን መኝታ ሲያገኝ የራሱን አጎበርም ማግኘት ይገባዋል። ከእናቱ አልጋ ሲለይ ከእናቱ አጎበር ውጭ እንዳይቀር።

ስድስተኛ፤ ሕፃን ቶሎ እንዲተኛ ብሎ መድኃኒት፥ መጠጥ፥ ወይም ማር መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃዋል። በጡጦ የሚመገብ ሕፃንም ጡጦውን በአፉ እንደ ያዘ እንዳይተኛ፤ ሊያንቀው፥ ጥርሱንም ሊያበላሸው ይችላልና።

በመጨረሻም አንድ ቃል ለአባቶችና ለአለቆች። የሕፃን እንቅልፍ የእናት ብቻ ሥራ አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ በዚያ ቤት ሥራው የተቃለለው አባት ሌሊቱን፥ አያት ምሽቱን ስለ ተካፈሉ ነው። በሥራችሁም ላይ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች ሠራተኛ ስታዛጋ ያያችሁ አለቆች፥ ከመገሠጻችሁ በፊት ስንት ጊዜ ተነሥታ እንዳደረች አስቡ።

አያቲቱ ባለፈው ወር ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ምሽት ወንበራቸውን እንደ ልማዳቸው ከበሩ አጠገብ አድርገው ተቀምጠው ነበር፤ ልጂቱም ሳታለቅስ አንቀላፋች። ሲነጋ ወደ መኝታዋ ጎንበስ ብለው «እደጊ፥ ተመንደጊ» ብለው መረቋት። ይህን ምርቃት ያልሰማችሁ ብትኖሩ፥ «እደግ ተመንደግ» ማለት በአካልህ እደግ፥ በኑሮህም ከፍ በል ማለት ነው፤ ለሴት ሲሆን «እደጊ ተመንደጊ» ይባላል። ሕፃን ባለበት ቤት የገባ እንግዳ ይህን ቢናገር ይወደድለታል፤ ነገር ግን ሕፃኑ ተኝቶ እንደ ሆነ ድምፁን ዝቅ ያድርግ።